በለቅሶ ኮት ኪስ የከረመ ሴሚስተር

ዛሬ ጠዋት ነጻ ፓንኬክ በላሁ። ነጻ የተባለው ግን ለእኔ አልነበረም።

ዕለቱ አሜሪካ የቀድሞ ወታደሮቿን የምታስብበት ቀን ነው። የምንኖርበት የላስ ቬጋስ ሰፈር፣ ማውንተንስ ኤጅ ውስጥ ያለች አንዲት ቁርስ ቤት በዚህ ቀን ከቀድሞ ወታደር ገንዘብ አትቀበልም። ይህን አላውቅም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ሃያ ሁለት ዓመት የቀድሞ ወታደሮች ትምህርት ጉዳይ ቢሮ ውስጥ የሠራሁ ሰውዬ ነኝ። ቢሆንም የገባሁት ርቦኝ ነው። አስተናጋጇ ሜኑውን እየሰጠችኝ ቬትራን መሆን አለመሆኔን ስትጠይቀኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ «የስ» አለ። ውሸት አይደለም። ስምንት ዓመት ወታደር ነበርኩ። የማን ወታደር እንደነበርኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምናገር ሰው አይደለሁም።

ከጎኔ የተቀመጠ፣ ኮፍያው ላይ የመርከብ ሥዕል ያለበት ሽማግሌ ዞር ብሎ የት እንደዘመትኩ ጠየቀኝ። በሰሜን በኩል አልኩት። ሰውየው ትንሽ አሰላስሎ ኮሪያ ነው ብሎ ደመደመና እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ለዕድሜዬ እጅግ ደህና ሆኜ መገኘቴን አደነቀ። ኮሪያ የዘመተ ሰው ዛሬ ዘጠና አልፎታል። እኔ ስልሳ ስምንት ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጸጉሬን ቀለም ስቀባ የኖርኩት ለካስ ለዚህ ኖሯል። ሆኖም ፓንኬኩን እስከ ጠርዙ በላሁት። የዋጋውን ያህል ቲፕ ትቼ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ግን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ «የስንብት ወረቀትህን አሳየኝ» ስል የኖርኩት እኔው ራሴ ትዝ አልኩኝ። እኔ የስንብት ወረቀት የለኝም። ከጦሩ የተሰናበትኩት በእግሬ ነው፤ ወደ ሱዳን።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ብነግራት፣ «ዕድሜህን በሙሉ ስትቀናባቸው ኖረህ፣ ጡረታ ስትወጣ ቁርሳቸውን ትበላ ጀመር?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሆኖኛል። የሥራ ዘመንህን ጻፍ እያለች ስትጨቀጭቀኝ የከረመችው እሷ ናት። እንግዲህ ስለ ሥራዬ ከጻፍኩ ስለ ቅናቴ መጻፌ ነው፤ አንዱን ከሌላው የምለይበት መንገድ አላገኘሁም።

ጦሩ ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ነው የገባሁት። የሻምበል አዛዣችን ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥት ያስተምራችኋል ይለን ነበር፤ እኔም መሐንዲስ ልሆን ወስኜ ነበር። ጦርነቱ ሳያበቃ የእኔ ትዕግሥት አበቃ። ከሱዳን በስደተኝነት ላስ ቬጋስ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ካዚኖ ውስጥ ዕቃ ማጠብ ነበር፤ ቀጥሎ እዚያው የእንግዶችን መኪና አቆምኩ፤ ቀጥሎ አንድ ዩኒቨርሲቲ በጽዳት ሠራተኛነት ቀጠረኝ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብዬ ለዘመድ የጻፍኩት ደብዳቤ እስከ ዛሬ ሳይኖር አይቀርም። ከጽዳት ወደ ደብዳቤ ክፍል ተዛወርኩ። እዚያ ሳለሁ ነው ሚስ ዋንዳ ያገኘችኝ።

ዋንዳ የአየር ኃይል ጡረተኛ ሳጅን ናት፤ ረጅም፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ። የቀድሞ ወታደሮችን ቢሮ የምትመራው እሷ ነበረች። ደብዳቤ ሳድል የተቀባዩን ስም ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ የሬዲዮ ልማድ ነው። አንድ ቀን አስቁማኝ የት አገር ወታደር እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስንት ዓመት? ስምንት አልኳት። «አንተን ሰርተፋይ የሚያደርግ ቢሮ እንኳ የለም፤ በል ና ሌላውን ሰርተፋይ አድርግ» አለችኝ። ከወር በኋላ ከእሷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። እዚህ አገር አንድ ሰው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ በውትድርና አገልግሎ በደህና ከተሰናበተ፣ ጂ አይ ቢል በሚሉት ሕግ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ክፍያውን ይከፍልለታል። ለቤት ኪራይም አበል ይሰጠዋል፤ መጽሐፍም ይገዛለታል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ቢሮ በየሴሚስተሩ «ይህ ሰው በዚህ ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ቀን የሚያበቃ፣ ይህን ያህል ክሬዲት ይዟል» ብሎ ለመንግሥት ሲያሳውቅ ብቻ ነው። ተማሪው ኮርሶቹን መርጦ፣ ቅጹን ፈርሞ ያመጣልናል፤ እኛ እንልካለን፤ ሰርተፋይ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ካልላክን ተማሪው በመንግሥት ዓይን የለም።

ቀላል ይመስላል። ግን ለዲግሪው የማያስፈልግ ኮርስ ሰርተፋይ አይደረግም። ኮርሱን ሁሉ በኢንተርኔት የያዘ ሰው የኪራይ አበሉ በግማሽ ይወርድበታል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ክፍል ገብቶ መቀመጥ አለበት። አንድ ጊዜ ጊታር ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል የታንክ መካኒክ መጣ። እኔ የዲግሪውን ዝርዝር አይቼ ጊታር የሚባል ነገር የለም ብዬ መለስኩት። ዋንዳ ያንኑ ዝርዝር ከእጄ ወስዳ፣ አንድ የሥነ ጥበብ ኮርስ መውሰድ ግዴታው እንደሆነ በጣቷ አሳየችኝ፤ ጊታርም ሥነ ጥበብ ነው። የእኔ ዓይን የሚከለክለውን ነበር የሚፈልገው፤ የእሷ ዓይን መግቢያ በር ይፈልግ ነበር። ልዩነቱ የልምድ ይመስለኝ ነበር። የቅናት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዋንዳ የማትለቃቸው ሦስት ልማዶች ነበሯት። የስንብት ወረቀት ቆማ ነው የምታነበው። አንድ ገጽ ናት ወረቀቷ፤ የሰው ወጣትነት በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ የተጻፈባት። ለምን እንደምትቆም ብጠይቃት፣ የዚህን ሰውዬ አራት ዓመት ተቀምጬ ልጨርሰው እንዴ አለችኝ። ሁለተኛ፣ ከጠረጴዛዋ ውጪ ወረቀት አትቀበልም። ኮሪደር ላይ፣ መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቅጽ የሚዘረጉላት ነበሩ፤ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «ጠረጴዛዬ ላይ ካላየሁት አልተወለደም» ትላለች። ሦስተኛው የዓርብ ዝርዝር ነው። ዘወትር ዓርብ ከምሳ በኋላ ያለፈውን ሴሚስተር ተማሪዎች ስም ታወጣና በዚህ ሴሚስተር ቅጽ ያላመጣውን እያንዳንዱን ሰው ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ «ይሄ ሰው አሁን የት ነው ያለው?» ትለኛለች። ካላወቅን እንደውላለን። አንዱ ታሞ፣ አንዱ ተፋቶ፣ አንዱ ቁማር በልቶት ይገኛል። አንዳንዱ በዚያ ስልክ ብቻ ይመለሳል።

እኔ እነዚህን ሁሉ ተማርኩ። ሥራዬን ደህና እሠራ ነበር፤ ልቤ ግን ይቃጠል ነበር። ጦር ሜዳ ወጥ ሲሠራ የኖረ ሰው የኮምፒውተር መሐንዲስ ሲሆን ወረቀቱን የላክሁት እኔ ነኝ። ጎልፍ ሜዳ ማስተዳደር የተማረ ነበር፤ መንግሥት ከፍሎለት፣ ጎልፍ! ማታ ማታ የዩኒቨርሲቲውን የኮርስ ዝርዝር ቤት ወስጄ፣ እንደ ልብስ ካታሎግ ገጽ እየገለጥኩ ይህን ብወስድ፣ ያንን ብወስድ እል ነበር። አስቂኙ ነገር፣ ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኞቹ በግማሽ ክፍያ ኮርስ ይሰጥ ነበር። ዋንዳ በየዓመቱ ጥር ላይ ማመልከቻውን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ የሻይ ኩባያዬን አስቀምጥበታለሁ። በግማሽ ክፍያ አልማርም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጋ ከፍያለሁ እላለሁ። ይህ ለሰው የምናገረው ነው። ለራሴ ግን፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመ ጭንቅላት ቢወድቅስ እያልኩ እፈራ ነበር።

ሂሩት የመጣችው በእንዲህ ያለ ዘመን ነው። ከአዳማ ከእናቷ ጋር በዲቪ መጥታ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አሜሪካ ጦር ገብታ፣ አራት ዓመት አገልግላ የወጣች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ነርስነት ልትማር ነው። የስንብት ወረቀቷን አቀበለችኝ። ተቀምጬ አነበብኩት።

«ምን ነበር ሥራሽ?» አልኳት።

«ነዳጅ መሙላት ነበር ጋሼ። ለሄሊኮፕተር።»

«ተተኩሶብሽ ያውቃል?»

«አለቃዬ ጮሆብኝ ያውቃል» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

ወደድኳት፤ ቀናሁባትም። አራት ዓመት ነዳጅ ቀድታ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ። እኔ በረሃ ለበረሃ ሬዲዮ ተሸክሜ ስምንት ዓመት ዞሬ፣ የተሰጠኝ የወገብ ሕመም ነው። ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ቅጿን በሰዓቱ ላክሁላት። እናቷን ወይዘሮ ጽጌንም አወቅኋቸው። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ናቸው፤ ጉልበታቸው ታሟል። የቤቱ ዕቅድ ግልጽ ነበር፤ ሂሩት የነርስነቱን ክፍል ጀምራ በሁለት ዓመት ትጨርሳለች፣ እናቷ ያን ቀን አልጋ ማንጠፍ ያቆማሉ። ነርስነት ክፍል ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሰው ብቻ ነው በሩ የሚከፈተው። ሂሩት ተወዳድራ ቦታ አገኘች።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ኖርዝ ላስ ቬጋስ አንድ አባት ዐረፉና ለቅሶ ሄድን። ጋራዡ ውስጥ ተጣጣፊ ወንበር ተደርድሯል፤ ሁሉም ሰው እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሷል። እኔ ጥቁር ኮቴን ለብሻለሁ። በነሐሴ ቬጋስ ውስጥ ኮት የሚለብሰው ወይ ሟቹ ነው ወይ እኔ ነኝ። ሂሩት አጎንብሳ መጥታ፣ ሰኞ ሺፍት ስላላት ቢሮ መምጣት እንደማትችል በለሆሳስ ነግራኝ የሴሚስተሩን ቅጽ አሳየችኝ። ዋንዳ ብትሆን እጇን ወደ ኋላ ታደርግ ነበር። እኔ ግን ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ያዩኛል። የመንግሥት ወረቀት የሚለመን ትልቅ ሰው መሆኔን ይወቁልኝ ብዬ፣ «አምጪው፤ እኔ አለሁልሽ አይደል? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አልኩ፤ ለለቅሶ ቤት በማይመጥን ድምፅ። ቅጹን አራት አጥፌ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስደርስ ኮቱ በላብ ርሶ ነበር፤ አልማዝ አናፍሳ በላስቲክ ሸፍና ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለችው።

ትምህርት ሲከፈት ሂሩት ደወለች። ክፍያዋ አለመግባቱን ሲስተሙ እንደሚያሳያት፣ ምናልባት ችግር ካለ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። የእኔ ሥራ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማየት ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ልቤ ውስጥ፣ መንግሥት እየከፈለላት ደግሞ ቆማ ታስቸኩለኛለች የሚል ነገር ፈላ።

«እኔን ነው የምትጠራጠሪው?» አልኳት።

«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። አሜሪካዊ ቢሆን በማግስቱ ቢሮው ድረስ መጥቶ ጠረጴዛዬን ይደበድብ ነበር። ይሉኝታ የሚሉት ነገር የእኛን ልጅ ያዛት፤ እኔንም አዳነኝ፣ መዳን ከተባለ። በየዓርቡ ዝርዝሩ ሲወጣ ዋንዳ ጣቷን ስሟ ላይ ስታደርግ፣ እሷን እኔ አውቃታለሁ፣ የእኛ ሰው ናት፣ እልና ወደሚቀጥለው እናልፋለን።

ከዚያ እግዜር ይስጣቸውና የቬጋስ ሐበሾች ጨክነው ሳይሞቱ ከረሙ። መስከረም ማንም አልሞተም። ጥቅምትም። ኅዳር ላይ አንዲት እናት ዐረፉና ኮቴን ለበስኩ። ሐዘንተኞቹ ፊት ቆሜ እንባዬን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ ደረት ኪሴ ውስጥ ስገባ አራት የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ገና ሳልዘረጋው አወቅሁት። በዚያ ቀን ከሟች ልጆች እኩል ነው ያለቀስኩት፤ ሰዉ ምን ያህል ይወዳቸው ነበር ብሎ ሳያደንቀኝ አልቀረም። ወይዘሮ ጽጌ ሻይ እያዞሩ ነበር፤ ያ ጉልበታቸው እየጎተተ። ሂሩት እንዴት ናት አልኳቸው። የትምህርቱ ወረፋ ለጊዜው አልደረሰኝም ብላ ነግራቸዋለች፤ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ታሽጋለች፤ እሳቸውም አንድ ዓመት ሊጨምሩ ነው። ለእናቷ ስሜን አላነሳችም።

ሰኞ ጠዋት ለዋንዳ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። ክፍያ ባለመግባቱ ሂሩት በሁለተኛው ሳምንት ከክፍል ተሰርዛ፣ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል። ተማሪ ያልሆነን ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ሰርተፋይ ማድረግ አይቻልም። ዋንዳ አልጮኸችብኝም። ስልኩን ወደ እኔ ገፋችና፣ «የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለተኛው፣ ምን እንደምታደርግላት። ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር የለም» አለችኝ። አጠገቤም ቆመች።

ደወልኩ። አሁን የምጽፈው ለሰው ነግሬው የማላውቀውን ነው። ሂሩት ስታነሳው በአማርኛ፣ «ያ ሲስተም ወረቀትሽን በልቶት ኖሮ አሁን ገና አገኘነው» አልኳት። ከዚያ ለሚመጣው ዓመት ቦታ እንዲያዝላት ለነርስነት ክፍል እኔ ራሴ ደብዳቤ እንደምጽፍ ነገርኳት። ዋንዳ አማርኛ አትችልም። ድምፄ መንቀጥቀጡን ሰምታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ሐቁን የተናገርኩ መስሏት። ለሰው በሁለት ቋንቋ መዋሸት ከባድ ነው ይላሉ። በአንዱ ብቻ ዋሽቶ በሌላው መመስገን ግን ከዚያ ይከብዳል።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሂሩት በዓመቱ ገባች፤ ቅጿን በየሴሚስተሩ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠች ትሄዳለች፤ እኔም እሷ ፊት ቆሜ እልከዋለሁ። ዋንዳ መሀል ላይ ጡረታ ወጥታ አንተም በሚሉት ሰፈር ኮረብታ ላይ ቤት ገዛች። ሂሩት ስትመረቅ ቤታቸው ተጠራን። ወይዘሮ ጽጌ ከሁሉም ከፍ ካለው ወንበር አስቀመጡኝና፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እኚህ አቶ ታደሰ ባይኖሩ ልጄ አትማርም ነበር» አሉ። ተጨበጨበልኝ። እሳቸው ሲናገሩ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ነበር የቆሙት። ዳር ላይ ሂሩት ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማለች። ያን ጋዋን አይቼ፣ ይህን ሁሉ በድያት፣ ደግሞ ቀናሁባት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ትንሽ ቆይቼ ሂሩትን ወደ ጓሮ ጠርቼ፣ በአማርኛ፣ ኪሴ ውስጥ እንደነበር ነገርኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ሲከቱት አይቼዎት ነበር። ያንን ኮት ከለቅሶ ውጪ ለብሰው አይቼዎት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንዴ ጠይቄዎት ተቆጡኝ። ከዚያ በኋላማ» አለች፣ ሳትስቅ፣ «ሰው እስኪሞት እየጠበቅሁ ነበር።»

ምን ላድርግልሽ አልኳት። እናቷ ያንን ዓመት አልጋ ሲያነጥፉ ያሳለፉትን መመለስ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። አሰበችና ያጠፋሁባትን ሴሚስተር ተምሬ እንድመልስላት አዘዘችኝ። አሥራ ሁለት ክሬዲት ነው። ፊቴን ስታየው ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ለሽማግሌ ዲስካውንት አድርጌልዎታለሁ። አንድ ኮርስ፣ ሦስት ክሬዲት። ግን ውጤቱን በወረቀት ያሳዩኛል» አለች።

በዚያ መጸው፣ ገና በሥራ ላይ ሳለሁ፣ በሠራተኛ ግማሽ ክፍያ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ኮርስ ገባሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው አርባ ዓመት የሞላው የቀድሞ ወታደር ነበር፤ ወረቀቱን ሰርተፋይ ያደረግሁት እኔው ነኝ። መምህሯ ስታስተምር እሱ ይተኛል። መንግሥት ከፍሎለት፣ በኪራይ አበል፣ አፉን ከፍቶ ይተኛል። እኔ ግን ከኪሴ ከፍዬ፣ በሁለት መነጽር ነቅቼ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያቅተኛል። ሁለት ሳምንት ታገሥኩት። ኮርስ ማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ከጣሉት መዝገብ ላይ ምልክት እንደማይቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ጣልኩት። ለሂሩት ሥራ በዛብኝ አልኳት።

አሁን ሆስፒታል ትሠራለች፤ እናቷ ቤት ናቸው። የአዲስ ሴሚስተር ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር ስልኬ ላይ «ጋሼ፣ ተመዘገቡ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ባለፈው ሰኞም መጥቷል፤ አልመለስኩም። ጡረተኛ ስለሆንኩ ሥራ በዛብኝ ማለት አልችልም። ኮርሱን መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት ልውሰደው ብላት፣ ክፍል ገብተው ካልተቀመጡ አልቆጥረውም እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ያን ሕግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሦስት ክሬዲት አለብኝ። እስከ ዛሬ የከፈልኩት ሁለት ሳምንት ነው።